ሎሚ የነካው ጀርባ

ሳፊያ ሎሚ ነጋዴ ነበረች። ከቆላው፣ ከዝዋይ በኩል በአህያ የሚመጣውን ሎሚ ትገዛና ቡታጅራ ገበያ ላይ ቅርጫቷን ዘርግታ ትቸረችራለች። ገዢዋ ብዙ ነው። ለዶሮ ማጠቢያ የሚወስድ አለ፣ ለፎረፎር የሚወስድ አለ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ የሚል አለ፣ ሽታውን ብቻ ፈልጎ ኪሱ ውስጥ የሚከት ጎረምሳም አይጠፋም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። የጣልያኖቹ ወጥ ሠሪ ግን ይህን ተረት የነገረው የለም መሰል፣ በመጣ ቁጥር ቅርጫቱን እንዳለ ገልብጦ ይሄዳል።

ነገሩ የመጣው በሠላሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ነው። ያን ጊዜ የጣልያን ፊት መገርጣት ጀምሯል። ጦርነቱ በሌላ አገር እንደከፋበት በወሬ ይሰማል፤ በገዛ ሰፈራችን ደግሞ ዘቢዳር ተራራ ላይ ያሉት አርበኞች እንቅልፍ ነስተውታል። ስለዚህ አንድ ዓርብ ገበያው በደራበት ሰዓት አስተርጓሚው ዱባለ ሣጥን ላይ ቆሞ ጮኸ። ጤነኛ ጎልማሳ ሁሉ ማክሰኞ ጠዋት የጣልያኖቹ ግቢ ቀርቦ በሐኪም ይታያል። ሐኪሙ ያሳለፈው ጠመንጃ ይዞ፣ ባንዳ ሆኖ ዘቢዳር ይወጣል። የሸሸ ቤቱ ይቃጠላል፣ ዘመዱ ይታሰራል።

ሳፊያ ይህን ስትሰማ በእጇ የያዘችው ሎሚ አመለጣትና ተንከባሎ ሄደ። ተከትላ አላነሳችውም።

ባሏ ሸረፋ በርበሬ ገበሬ ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ጥርሱ የሞላ፣ እንኳን ሐኪም ዕውር ቢዳስሰው ጤነኛ ነው የሚለው ሰው። ዘቢዳር ላይ ካሉት አርበኞች አንዱ ደግሞ የገዛ ወንድሟ ሙሀመድአወል ነው። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው፤ ሸረፋን ለእህቱ የመረጠላትም ሙሀመድአወል ራሱ ነበር። እና አሁን አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ ሆነው ሊተኳኮሱ ነው። ባሌ ወንድሜን ቢገድል ሁለቱንም አጣሁ፤ ወንድሜ ባሌን ቢገድልም ሁለቱንም አጣሁ፤ ከዚህ ሌላ ሒሳብ የለውም አለች በልቧ። ቅርጫቷን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ምን ይደረግ? መሸሽ አይሆንም። እማማ ዘይባ፣ የሸረፋ እናት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ከነሱ ቤት ጀርባ በትንሽ ጎጆ ይኖራሉ። አንድ እግራቸው አይታጠፍም፣ ተራራ መውጣት ቀርቶ ገበያ የሚደርሱት ምርኩዝ ይዘው ነው። እሳቸውን ጥሎ የሸሸ ልጅ እናቱን ለጣልያን ሰጠ ማለት ነው። አካልን ማጉደልም አይሆንም። ባለፈው አንዱ የመስቃን ሰው ጣቱን ቆርጦ ቀርቦ ነበር፤ ገበያ መሃል ገርፈውት ሲያበቁ በቀሪዎቹ ጣቶቹ ጭነት እንዲሸከም ወሰዱት።

ግን ሳፊያ ያየችው አንድ ነገር ነበር። በሰኔ፣ በፊተኛው ምልመላ ጊዜ፣ ለወጥ ሠሪው ሎሚ አድርሳ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ወንዶቹ ተሰልፈው አይታለች። ሐኪሙ የሳለውን አሳለፈ፣ ያነከሰውን አሳለፈ። ገላው ቁስል በቁስል የሆነውን ሰው ግን በዱላ ጫፍ እያመለከተ፣ ሳይነካው አባረረው። ጣልያን ጥይት ላይፈራ ይችላል፤ እከክ ግን ይፈራል።

ያን ዕለት ማታ፣ እራት ሳይበላ፣ ሳፊያ ባሏንና አማቷን አስቀምጣ የልቧን ነገረቻቸው።

«ዓምና ያ ቅርጫት ያንጠባጠበብኝ ጊዜ ትዝ አይላችሁም? የተጨፈለቀው ሎሚ አንገቴና እጄ ላይ ሲፈስ ውሎ፣ በኋላ የፈላ ውሃ እንደ ደፉበት አልተጉረበረበም? እስቲ ሸረፋን እንቀባው።»

«እሱማ ምች ነበር» አሉ እማማ ዘይባ። «ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫሽ ባልጨምርልሽ ምን ይውጥሽ ነበር?»

እማማ ዘይባ በምች መድኃኒት የታወቁ ናቸው። ከመስቃን ሁሉ፣ አልፎ አልፎም ከአገና ድረስ ሰው ይመጣባቸዋል። ቅቤ ነክቶ፣ ሎሚ ነክቶ፣ ሽታ ያለው ነገር ነክቶ ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ምች እንደሚመታው አገር ያውቃል፤ እሳቸው ደግሞ ከአገሩ ይበልጥ ያውቃሉ። ቢሆንም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ጥቂት አሰቡና እሺ አሉ።

«ቀቢው። ሎሚው ያቃጥለው። ፀሐይ ግን እንዳታየው! ያቺ ከመታችው ልጄን ሐኪሙ ሳይሆን ቃሬዛው ነው የሚወስደው።»

ተስማሙ። ሳፊያ ሎሚውን እየጨመቀች የባሏን ደረትና ጀርባ አጠበችው። በሩ ላይ ጋቢ ሰቀሉ፣ የግድግዳውን ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ። ሸረፋ በጨለማ ውስጥ እንደ አራስ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ዋለ። ምንም የለም። ሳፊያ በየጊዜው ኩራዝ ይዛ እየገባች ጀርባውን ታያለች፣ በጣቷ ጫን ጫን ታደርገዋለች፣ ትወጣለች። እንደገና ትቀባዋለች። እሑድ ማለዳም ምንም የለም። እንዲያውም ገላው ጠርቶ ወዝ አውጥቷል።

«ሙሽራ አስመሰልሽኝ እኮ» አላት ሸረፋ ሊያስቃት ብሎ። «ሐኪሙ አይቶኝ ልጁን ይድርልኛል።»

አልሳቀችም። ማክሰኞ መድረሱ ነው። ምግብ አልዋጥላት ብሎ፣ ስትተኛ ሙሀመድአወል ከድንጋይ ጀርባ ብቅ ሲል እየታያት፣ እንዲያው ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ነበር።

እዚያው እሑድ ለሶላት ውዱ ለማድረግ ውሃ ቀዳች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችና ውሃውን ስታፈስ የዓምናው ጠባሳ ላይ ዓይኗ አረፈ። ጠባሳ እንኳ አይባልም፤ ከእጇ ጀርባ እስከ አንጓዋ የሚደርስ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ጥላ ነው። አንጓዋ ላይ ሲደርስ በቢላ እንደ ተቆረጠ ቀጥ ብሎ ያበቃል። የሚያበቃው የቀሚሷ እጅጌ በሚጀምርበት ቦታ ነው።

ውሃው ከእጇ እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። ያን ቀን እጅጌዋም ርሶ ነበር። እስከ ብብቷ ድረስ ርሶ፣ ቀሚሱን አጥባው እንኳ ሎሚ ሎሚ ይሸት ነበር። በእጅጌው ተሸፍኖ የነበረው ገላዋ ግን አንዳች አልሆነም። ሎሚው እዚህም እዚያም ነበረ፤ ፀሐይዋ ግን እዚህ ብቻ ነበረች።

ዛሬ የተማሩት ሲያስረዱ፣ ነገሩ ከጭማቂው ይልቅ በአረንጓዴው ልጣጭ ዘይት ውስጥ ነው ይላሉ። ዛፉ ፍሬውን ከተባይ ለመጠበቅ የሚያጠራቅመው አንድ ነገር አለ፤ ጨለማ ውስጥ ገላ ላይ ቢውል ተኝቶ ይውላል፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው ግን ይነሣና ቆዳ ያቃጥላል። ያውም ወዲያው አይደለም፤ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው። ሳፊያ ይህን ሁሉ የት አውቃ! የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲሸሹት የከረሙት ነገር ራሱ ነበር የሚፈለገው።

«እማማ፣ ምቹ ይምታው!» ብላ ሮጣ ገባች።

እማማ ዘይባ ደነገጡ። «ምን አልሽ አንቺ?»

«ያለ ፀሐይ አይሆንም። እኛ ነን ያበላሸነው። ፀሐይ ላይ እናውጣው።»

«ያ ረቢ! እኔ ስንቱን ሰው ከምች ያወጣሁ፣ የራሴን ልጅ በእጄ ልስጥ? ያለኝ እሱ ብቻ እኮ ነው!» አሮጊቷ ምርኩዛቸውን በሩ ላይ ጋርጠው ቆሙ። ሳፊያም አለቀሰች። እሷስ መች አልፈራችም? ከልጅነቷ ጀምሮ ምች ሲባል እየሰማች ነው ያደገችው። ከጥይት አድናለሁ ብላ በፀሐይ ብትገድለውስ?

ሸረፋ ነው የቆረጠው። ጋቢውን ከበሩ ላይ ገፍፎ ጣለና የእናቱን ምርኩዝ ቀስ አድርጎ ወደ ጎን አደረገው።

«እማ፣ ሙሀመድአወል ላይ ተኩሼ ከምኖር ምች መትቶኝ ልሙት።»

እማማ ዘይባ ጎጆአቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ዳማከሴ ቀጥፈው በጉልበታቸው ላይ አኑረው እንደ ነበር ሳፊያ በኋላ ነው ያወቀችው።

ከጓሮው፣ እንሰቱ መሃል፣ ከመንገድ የማይታይ ገላጣ ቦታ ነበረ። ሸረፋ እዚያ በደረቱ ተኛ። ሳፊያ ያልበሰሉትን፣ አረንጓዴዎቹን ሎሚዎች መርጣ እየቆረጠች ከነልጣጫቸው ጀርባው ላይ ፈተገች። ቀና ብላ ስታይ ሰማዩ ተደፍኗል። ዘቢዳር እስከ ወገቡ ደመና ለብሷል። ጥቅምት እኮ ነው! ጥቅምት ሰማይ ጠርቶ ብርድ የሚያንሰፈስፍበት ወር፣ ዛሬ ለይቶ ክረምት መሆን አማረው።

ጠበቁ። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ባለፈ ቁጥር ትንፋሿን ትውጣለች። ጎረቤታቸው ጀማሉ «ሸረፋ! የት ጠፋህ?» ብሎ ተጣራ፤ «ወፍጮ ሄዷል» አለችው። ቀትር ላይ ደመናው ተገለጠና ፀሐይዋ እንሰቱ መሃል ወረደች። ሳፊያ ደስ አላት። አገላብጣ ደረቱንም ቀባችው፣ ፀሐይ ከጠገበ በኋላ እንደገና በደረቱ አስተኛችው። ጀርባውን ሲለበልበው ቀና ሊል ሲሞክር የልጣጩን ዘይት የጠገበ መዳፏን ትከሻዎቹ መካከል ተክላ ወደ መሬት ጫነችው።

«ትንሽ ታገስ። ትንሽ ብቻ።»

ሲረጋጋ እጇን አነሣች፤ ፀሐይዋ ያንንም ቦታ አገኘችው። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል አስገባችው።

ሰኞ ምንም የለም። ትንሽ ቀላ ብሏል፤ ለቀላማ በርበሬ የሚለቅም ሰውም ይቀላል። እማማ ዘይባ መጥተው ግንባሩን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለውም። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከዚያ ምራታቸውን አዩና ምስጋናቸውን መለስ አደረጉት። ያን ቀን በዚያ ቤት አንደኛዋ የምትለምነው የሌላዋ ስጋት ነበር። ማምሻውን ሸረፋ ያሳክከኛል አለ፣ ቀጥሎ ያቃጥለኛል አለ። ሳፊያ እንዳትነካው እጆቿን ከጉልበቷ በታች ደበቀች። የሷም እጆች ሲቃጠሉ ነበር፤ ለማንም አልነገረችም።

ማክሰኞ ሲነጋ ሸረፋ ሸሚዙን አወለቀ። ደረቱ ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ዘለላ በዘለላ ወጥተዋል። ሳፊያ «አልሐምዱ...» ብላ ጀመረች። ወደ ጀርባው ዞረች።

ትከሻዎቹ መካከል፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ጎልቶ፣ አምስት ጣትና አንድ መዳፍ ወጥቷል። አውራ ጣቱ ከትንሿ ጣት ተለይቶ ይታያል። እማማ ዘይባ አፋቸውን ያዙ።

«ይሄ በሽታ ነው ወይስ ማኅተም?» አሉ።

«ምንድን ነው? ምን ወጣብኝ?» አለ ሸረፋ፤ ጀርባውን ለማየት አንገቱን እያጣመመ። በምን ይሸፈናል? እንደገና ቢቀባ ሁለት ቀን ያስጠብቃል። ከውጭ ደግሞ ነጋሪቱ እየተጎሰመ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንዲህ ነው፤ ከምልመላ አመልጣለሁ ሲል ግርፋቱን በራሱ ጀርባ ላይ አስጽፎ ሊሄድ ነው።

ሄዱ። ወንዶቹ ከወገባቸው በላይ ተራቁተው ፀሐዩ ላይ ተሰልፈዋል። ሴቶቹ ከአጥሩ አጠገብ ቆመዋል፤ እማማ ዘይባ በምርኩዛቸው፣ ሳፊያ እጆቿን በነጠላዋ ጠቅልላ። ሐኪሙ አጭርና ችኩል ሰው ነው፤ አንዱን በቅጡ ሳያይ ወደ ሌላው ያልፋል። ሸረፋ ፊት ሲደርስ ቆመ። ደረቱን አየ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ በዱላው ዙር አለው። ሸረፋ ዞረ።

ሐኪሙ ጀርባውን ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። አጠገቡ ያሉትን ወታደሮች ጠርቶ አሳያቸው፣ እነሱም ሳቁ። ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠና ለዱባለ አንድ ነገር ተናገረ።

«በሽታ ጣት የለውም ይላል» አለ ዱባለ። «ምን ቀባህ? የቀባህስ ማነው? ካልተናገርክ ጅራፍ ይመጣል።»

ሸረፋ መሬት መሬት አየ። አንዱ ወታደር ጅራፉን ሊያመጣ ሄደ። የሳፊያ እግር እሷን ሳያማክር ተንቀሳቀሰ። ሴቶቹን ገፍታ ወጣች፣ ገላጣውን አቋርጣ ከሐኪሙ ፊት ቆመች። ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

ሐኪሙ ነጠላዋን ወደ ጎን ጥሎ አንጓዋን ጨበጠና ቀኝ እጇን ጎትቶ ሸረፋ ጀርባ ላይ አሳረፈው። ልክክ አለ። ሌባ እጅ ከፍንጅ እንደ ያዘ ሰው አፉን ሞልቶ ፈገግ አለ።

የዚያን ጊዜ ሳፊያ የራሷን እጅ በቀን ብርሃን አየችው። የጣቶቿ መካከል፣ የእጇ ጀርባ፣ እስከ አንጓዋ ድረስ ያለው ሁሉ እንደ ባሏ ደረት ውሃ ቋጥሮ ነበር። ሐኪሙ የጨበጠውም እዚያው ላይ ነው፤ አንዱ ፈንድቶ ውሃው በጣቶቹ መካከል ይወርዳል።

«አዎ፣ በእጄ ነው!» ብላ ጮኸች። «መጀመሪያ የያዘው እኔን ነው። ሳላውቅ ባሌን ዳበስኩት፤ የዳበስኩበት ቦታ ሁሉ ወጣበት። ያልነካሁት ቦታ ይኸው ደህና ነው፣ እዩት! እጄ ያረፈበት ሁሉ ነው የሚወጣው።»

ዱባለ ተረጎመ። ሐኪሙ ወደ ሸረፋ ጀርባ አየ፣ ወደ እጇ አየ፣ በመጨረሻ ወደ ገዛ ጣቶቹ አየ። አንጓዋን እንደ ጋለ ብረት ወረወረው። ወታደሮቹ ከሳቃቸው ጋር ወደ ኋላ ሸሹ። ሐኪሙ የአልኮል ጠርሙስ አስመጥቶ እጁን እያሻሸ፣ እያሻሸ፣ ሲጮህ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

«ሌላ ማንን ነክታችኋል? ቤታችሁ ውስጥ ማን አለ? ያለው ሁሉ ከናንተ ጋር ይባረራል ይላል» አለ ዱባለ።

ሸረፋ ቀና አለና ወደ አጥሩ አየ። እናቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የዘቢዳር ዳገት ከበስተጀርባቸው ይታያል። ያቺ እግር ያን ዳገት አትወጣም።

«ማንም የለኝም» አለ። «እናትም የለኝ።»

ዱባለ እማማ ዘይባን ያውቃቸዋል። በቡታጅራ የሳቸው ዳማከሴ ያልተጨመረበት አፍንጫ የለም፣ የሱም ጭምር። ለአፍታ ወደ አጥሩ ተመለከተ፣ ከዚያ እንዳለ ተረጎመው። ጣልያን ከገባ ጀምሮ የሠራው ደግ ሥራ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። መኝታቸውና ልብሳቸው ይቃጠላል። አሁኑኑ ከከተማው ይወጣሉ፤ የነካቸው ይታሰራል። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው፤ ልጅ ያለው ልጁን እያቀፈ ሸሸ። ጎረቤታቸው ጀማሉ እንኳ አፍንጫውን ሸፍኖ ዞረ። ሳፊያ ቅር አላላትም፤ እንዲያውም በልቧ ሽሹ፣ ሽሹ ትል ነበር።

ከአጥሩ አጠገብ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ እማማ ዘይባን አለፉ። አሮጊቷ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እጆቻቸውን ከነጠላቸው አላወጡም፤ ከንፈራቸው ብቻ ዱዓ ያደርግ ነበር። ሸረፋም ዞሮ አላየም። ሳፊያ ግን አየች፤ ነጠላው ከውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ዘቢዳር ወጡ። ሙሀመድአወል አማቹን ሲያገኝ ለማቀፍ ሮጠ፣ የጀርባውን ጉድ ሲያይ ግን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እህቴ የኔ ነው ብላ ማኅተም መታችብህ» እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሲቀልድበት ከረመ። እብጠቱ ደርቆ ረገፈ፤ ጣቶቹ ግን ቡናማ ሆነው ቀሩ።

በሚያዝያ ጣልያን ከቡታጅራ ወጣ፤ እነሱም ወረዱ። እማማ ዘይባን ጎጆአቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ አገኟቸው፤ ከሩቅ ሲያይዋቸው ተነሡ፣ ምርኩዙ ወደቀባቸው። ሰላምታ አልሰጡም፣ አላለቀሱም።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አሉት ልጃቸውን።

አወለቀ። ደብዝዟል፤ ለሚያውቀው ሰው ግን አምስቱም ጣት አለ። አሮጊቷ የራሳቸውን እጅ በሳፊያ እጅ ጥላ ላይ አሳረፉት።

«ያን ቀን እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይቺ እጄ እዚህ ካልደረስኩ ብላ ስትታገለኝ ነው የዋለች።»

ሸረፋ ፊቱን ሊያዞር ሲል ያዙት። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«በል፣ ራቁትህን ፀሐይ ላይ አትቁም። ግባ» አሉት።